የስታብላይዘር ውፍረት ብቻውን መኪና አያስተካክልም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣ ሰላምታዬ ከደብረ ማርቆስ ይድረስዎ። ስለ አማተር የመኪና ውድድር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ደስ ብሎኛል። እግር ኳስ በሞላው የስፖርት ገጽ ላይ ስለ መኪና ተጽፎ ማየት ብርቅ ነው። አንዱን ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ያነጋገራችሁት ወጣት ተወዳዳሪ ወፍራም ስታብላይዘር (መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያዘነብል የሚይዝ ዘንግ) ካስገባ ወዲህ መኪናው ኩርባ ላይ መሬት ቆንጥጦ እንደሚይዝ ተናግሯል። የት እንዳስገባው ግን አልተጻፈም። ፊት ነው ወይስ ኋላ? መኪናው ምንድን ነው? የበፊቱ ስንት ሚሊ ሜትር ነበር? ይህ ሁሉ ጽሑፉ ውስጥ የለም።

ጋዜጣው በወጣ ሰሞን ልጆች ጋራዥ መጡ። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ጋሼ፣ ወፍራም ስታብላይዘር ካለዎት ይስጡን።» የምን መኪና ነው? ቪትዝ። ፊቱ ነው ኋላው የሚያስቸግራችሁ? ዝም አሉ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእነሱና ለመሰሎቻቸው ነው። እኔ የምሠራው ከመኪና ሥር ነው፤ ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ሾክ አብዞርበር፣ መሪ። ወጣቶቹ በተዘጋ ግቢ ውስጥ ኮን ደርድረው በሰዓት ሲወዳደሩ አብሬያቸው እቆማለሁ። ጥሩ ልጆች ናቸው። ብራቸውን ያለ ቦታው ሲያወጡ ማየት አልወድም።

ስታብላይዘር ከመኪናው ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የተጋደመ የብረት ዘንግ ነው። ጫፎቹ ታጥፈው በሊንክ (በአጭር ማያያዣ ዘንግ) ከግራና ከቀኝ የጎማ መያዣ ጋር ይታሰራሉ። መሐሉ በሁለት የላስቲክ ጎሚኒ ከሻንሲው ጋር ይያዛል። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሱ ዘንጉ አብሮ ይዞራል እንጂ አይታገልም። ኩርባ ላይ ግን መኪናው ወደ ውጭ ያዘነብላል። በውጭ በኩል ያለው ጎማ ወደ አካሉ ይጠጋል፣ የውስጡ ይርቃል። ያኔ ዘንጉ ይጠመዘዛል። መጠምዘዙን ስለሚቃወም ማዘንበሉ ይቀንሳል።

እስከዚህ ሁሉም ያውቃል። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። መኪናው ካላዘነበለ ክብደቱ ወደ ውጭ አልሄደም ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ይሄዳል እንጂ። 1,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና እንውሰድ። የክብደት ማዕከሉ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል። በግራና በቀኝ ጎማ መሐል ያለው ስፋት 1.45 ሜትር ይሁን። የክብደቱን 80 በመቶ የሚያህል የጎን ኃይል እስኪፈጠር በፍጥነት ቢታጠፍ፣ ወደ 276 ኪሎ የሚጠጋ ጭነት ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጭ ጎማዎች ይዛወራል። ስሌቱ ቀላል ነው። 1,000ን በ0.8 አባዙ፣ በ0.5 አባዙ፣ ለ1.45 አካፍሉ። እዚህ ውስጥ የስታብላይዘር ውፍረት የሚገባበት ቦታ የለም። ወፍራምም አስገቡ ቀጭን፣ የሚዛወረው ጭነት ከሞላ ጎደል ያው ነው።

ታዲያ ስታብላይዘሩ ምን ይሠራል? ያንን ጭነት በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያከፋፍላል። የእኛ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቀንበሩ ላይ ምራኑ ወደ አንዱ በሬ ቢጠጋ ሸክሙ ወደዚያ በሬ ያደላል። መሬቱ ግን አልለሰለሰም፣ ሞፈሩም አልቀለለም። የፊቱ ስታብላይዘር ሲጠነክር የፊት የውጭ ጎማ ከዚያ 276 ኪሎ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። የኋላው ሲጠነክር ድርሻው ወደ ኋላ ይሄዳል።

ጎማ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ጭነቱ እጥፍ ሲሆን መሬት የመያዝ አቅሙ እጥፍ አይሆንም፤ ከእጥፍ ያንሳል። ስለዚህ አንዱ ጎማ በጣም ተጭኖ ሌላው የቀለለበት ጥንድ፣ ጭነቱን ተቀራርበው ከተካፈሉት ጥንድ ያነሰ ይይዛል። ስታብላይዘሩን ያጠነከርንበት የመኪናው ወገን፣ ፊትም ሆነ ኋላ፣ በኩርባ ላይ ቀድሞ ይከዳል (መሬት መያዝ ይሳነዋል) የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። መሪውን አዙረኸው መኪናው እምቢ ብሎ ወደ ፊት ለፊት የሚሄድ ከሆነ ፊቱ ከድቷል ማለት ነው። የፊቱን ታላላለህ ወይም የኋላውን ታጠነክራለህ። ጭራው ከወጣ ደግሞ ተቃራኒውን ታደርጋለህ።

አንድ ልጅ ቪትዙን ይዞ መጥቶ ነበር። ከሌላ ሞዴል የተወሰደ ወፍራም የፊት ስታብላይዘር አስገብቶበታል። ሻጩ «ለሬስ የሚሆነው ይሄ ነው» ብሎ ሸጦለታል። መኪናው እውነትም አያዘነብልም። ኮኖቹ መሐል ስናየው ግን መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ እንኳ አይታጠፍም። የፊት ጎማዎቹ ይጮኻሉ። ልጁ ግን ፈጥኛለሁ ብሎ አምኗል። ሳያዘነብል የሚታጠፍ መኪና ሾፌሩን የፈጠነ ያስመስለዋል። ሰዓቱ ግን ሌላ ተናገረ። የፋብሪካውን ዘንግ መልሰን ስናስገባ ዙሩን ቶሎ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ኋላው ማውራት የጀመርነው።

ቪትዝ ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ የሚነዱት ጎማዎችም ፊት ናቸው። የፊት ጎማ ይጎትታል፣ ይመራል፣ ከፍሬኑም አብዛኛውን ድርሻ ይሸከማል። ፋብሪካዎችም ለተራ አሽከርካሪ ደኅንነት ሲሉ መኪናው ከልኩ ሲያልፍ ፊቱ ቀድሞ እንዲከዳ አድርገው ነው የሚሠሩት። ሰው ደንግጦ ነዳጁን ሲለቅ መኪናው ይመለስለታልና። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ፊቱን የበለጠ ማጠንከር የደከመውን ጎማ መልሶ መጫን ነው። ለውድድር የሚረዳው አብዛኛውን ጊዜ የኋላውን በጥቂቱ ማጠንከር ነው። ያኔ የውስጥ የፊት ጎማ መሬት ላይ ይቆያል፣ ከኩርባ ሲወጣም ይጎትታል። የውስጥ የኋላ ጎማ ትንሽ ከመሬት ቢነሳ አያስደንግጣችሁ። የሚነዳ ጎማ አይደለም።

ቪትዝ ከኋላ ለየት ያለ ነገር አለው። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያያይዘው አክስል ራሱ ይጠመዘዛል፤ እንደ ስታብላይዘርም ያገለግላል። ለዚህ ዓይነት አክስል በብሎን የሚታሰር ተጨማሪ ዘንግ ይሠራል። እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ፣ ፌሮ ቆርጣችሁ አትበይዱበት። ስታብላይዘር ተጠምዝዞ የሚመለስ፣ በሙቀት የተዘጋጀ የስፕሪንግ ብረት ነው። የግንባታ ፌሮ እንዲህ አይመለስም። ብየዳ ደግሞ በዙሪያው ያለውን ብረት ጠባይ ይቀይራል፤ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው። አክስሉ መንገድ ላይ ቢሰነጠቅ የሚጎዳው ተወዳዳሪው ብቻ አይሆንም።

ዲኤክስ ኮሮላ ያላችሁ ደግሞ ይህን ምክር እንዳለ አትውሰዱት። ዲኤክስ የሚነዳው ከኋላ ነው። ላዳም እንዲሁ። የኋላውን ካጠነከራችሁ የውስጥ የኋላ ጎማ ይቀላል። ተራ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው) ደግሞ የቀለለው ጎማ ሊሸከም ከሚችለው በላይ ጉልበት ወደ ሌላው አያሳልፍም። ነዳጅ ስትሰጡት ያ ጎማ በባዶው ይሽከረከራል፣ መኪናውም ከኩርባው አይወጣም። በእንዲህ ያለ መኪና ፊቱን ትንሽ አጠንክሮ የኋላውን ለስላሳ መተው ይሻላል። የኋላ ስታብላይዘር ጨርሶ ባይኖርም አይጎድልበትም።

እዚህ ላይ ሕጉ የሚገለበጥበትን ሁኔታም መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ጎበዝ አንባቢ ይይዘኛል። ቪትዝና ዲኤክስ ፊታቸው በስትራት (ሞላና ሾክ አብዞርበሩ ባንድ ላይ በተያዙበት ዘንግ) የተሠራ ነው። መኪናው በጣም ሲያዘነብል የውጭ ጎማው ቀጥ ብሎ መቆሙ ይቀርና በውጭ ጠርዙ ላይ ይንከባለላል። ሞላው ከደከመና መኪናው ከልክ በላይ የሚያዘነብል ከሆነ፣ የፊቱን በመጠኑ ማጠንከር ጎማውን ስለሚያቃናው ፊቱ ይሻለዋል እንጂ አይብስበትም። ይህን እንዴት ታውቃላችሁ? ጎማውን እዩት። የውጭ ጠርዙ ብቻ ተልጦ መሐሉ ጤነኛ ከሆነ ነገሩ ይህ ነው። በኖራ ጠርዙ ላይ መስመር አስምራችሁ አንድ ዙር ንዱና የተፋቀውን ተመልከቱ።

አሁን ወደ ውፍረቱ። ሁለት ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ብዙ ያደርጋል። የዘንጉ ጥንካሬ የሚያድገው ዲያሜትሩ በራሱ አራት ጊዜ ሲባዛ በሚመጣው ልክ ነው። ከ20 ወደ 22 ሚሊ ሜትር ስትሄዱ ልዩነቱ 1.1 እጥፍ ነው። 1.1ን አራት ጊዜ አባዙት፤ 1.46 ይመጣል። ዘንጉ 46 በመቶ ጠነከረ ማለት ነው። ከ24 ወደ 26 ሲሆን 38 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ከፋብሪካው በሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት በቂ መነሻ ነው። ስትለኩ ዝገቱንና ቀለሙን ጠርጋችሁ በካሊፐር ለኩ። በሜትር መለካት እዚህ አይሠራም።

ክፍት ዘንግም አለ፣ እንደ ቱቦ። ውጩ 24፣ ውስጡ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ከድፍኑ 24 ጋር ሲነጻጸር የሚያጣው ጥንካሬ 20 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ክብደቱ ግን 44 በመቶ ይቀንሳል። ከዲያሜትር ሌላ የክንዱ፣ ማለትም የታጠፈው ጫፍ፣ ርዝመት አለ። ክንዱ ሲያጥር ዘንጉ ይጠነክራል። ከ250 ወደ 225 ሚሊ ሜትር ቢያጥር፣ የክንዱን መታጠፍ ትተን ብናሰላው፣ 23 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጫፉ ላይ ሁለትና ሦስት ቀዳዳ ያለው ስታብላይዘር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ሊንኩን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ማዛወር ዘንግ ከመቀየር ይረክሳል። አቅም ካላችሁ ገንዘባችሁን ከውፍረቱ ይልቅ በእነዚህ ቀዳዳዎች ላይ አውሉት።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ሌላው ነገር ጤነኛ ሲሆን ነው። ሊንኩ ልቅ ከሆነ ዘንጉ ሥራ የሚጀምረው ዘግይቶ ነው። ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ ከሥር «ኳ ኳ» የሚል ድምፅ ካለ መጀመሪያ እሱን እዩ። የተበላ ጎሚኒም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ አዲስ ዘንግ ሊገዛ የመጣን ሰው ጎሚኒና ሊንክ ቀይሬለት በደስታ ሄዷል። የላስቲክ ጎሚኒ ላይ ግራሶ አትቀቡ፤ ያብጣል፣ ይበላሻልም። ፖሊዩሪታን የሚባለው ጠንካራው ዓይነት ከሆነ የሲሊኮን ቅባት ይቀባል።

የጎማ ንፋስ ደግሞ አለ። በነጻ የሚገኘው ማስተካከያ እሱ ሆኖ ሳለ ሰው ይንቀዋል። ሁለትና ሦስት ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ብቻውን የመኪናውን ጠባይ ይቀይራል። የእኛ አገር አቀማመጥም ይገባበታል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ያልፋል። ባሕር ዳር የነፋችሁትን ጎማ እዚህ ስትለኩት፣ ሙቀቱ እኩል ከሆነ፣ አንድ ፒኤስአይ ያህል ጨምሮ ታገኙታላችሁ። ጎማው አልተነፋም፤ በውጭ ያለው የአየር ግፊት ቀንሶ ነው። ከዓባይ በረሃ ግርጌ ከሆነ ልዩነቱ ወደ ሁለት ይጠጋል። ስለዚህ የምትለኩት ውድድሩ ቦታ ላይ ደርሳችሁ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ይሁን።

ሲታሰርም ጥንቃቄ አለው። መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ሊንኩን አጥብቆ መጨረስ ልማድ ሆኗል። ዘንጉ ገና ሳይነዳ ተጠምዝዞ ሊቀር ይችላል። ያኔ መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ሌላ፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ሌላ ጠባይ ያሳያል። ልጁም መሪው ነው ብሎ አላይመንት ሲያስደርግ ይውላል። ሁለቱም ጎማ መሬት ይንካ። የሾፌሩን ክብደት የሚያህል ነገር ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። እኔ ጤፍ የተሞላ ማዳበሪያ መዝኜ አስቀምጣለሁ። ከዚያ የመጨረሻው የሊንክ ብሎን ሳይገፋ፣ ሳይጎተት በጣት የሚገባ መሆን አለበት። የሚስተካከል ሊንክ ካለ ርዝመቱን እዚህ ላይ ታስተካክላላችሁ። ከዚያ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙሩና ዘንጉ የፍሬን ቱቦ እንዳይነካ እዩ።

ስትሞክሩ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ዘንጉንም ንፋሱንም ባንድ ቀን ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ደብተር ያዙ፤ ሰዓቱንም ጻፉ። መኪናው የሚከዳችሁ ወደ ኩርባው ስትገቡ ነው፣ መሐሉ ላይ ነው፣ ወይስ ስትወጡ? ስታብላይዘር ጎልቶ የሚታየው መሐሉ ላይ፣ መኪናው አዘንብሎ ሲረጋ ነው። ስትገቡ የሚረብሽ ከሆነ የፍሬናችሁን አያያዝና ሾክ አብዞርበሩን አስቀድማችሁ ጠርጥሩ።

ክቡር አዘጋጅ፣ አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር መጣሁ። በውጭ አገር ተወዳዳሪ መኪናውን ተጎታች ላይ ጭኖ የሚሄድበት ቦታ አለ። የእኛ ልጆች ግን የሚወዳደሩበት መኪና እሁድ እናታቸውን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሱበት ነው። አዲስ አበባ ለመወዳደር የሚሄደው በዚያው መኪና ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። ከባድ መኪና ይበዛበታል። ኩርባው ተከታታይ ነው። በክረምት መንገዱ ይረጥባል።

ኮን መሐል ያስደሰተው የጠነከረ ኋላ እዚያ ቁልቁለት ላይ ጠላት ነው። ቁልቁለት ሲወርድ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፤ ኋላው ይቀላል። ሾፌሩ ኩርባ ውስጥ ደንግጦ ፍሬን ቢይዝ ጭራው ይወጣል። በኋላ ወንበር ሦስት ሰውና በሻንጣው ውስጥ እህል ሲጨመር ደግሞ የመኪናው ጠባይ ከሞከራችሁት ጋር አይመሳሰልም። ዝናብ ላይ ለስላሳ ዘንግ ይሻላል። ኮረኮንች ላይም እንዲሁ። ዘንጉ ሁለቱን ጎማዎች ስለሚያያይዝ በአንዱ የገባችሁት ጉድጓድ ለሌላውም ይደርሰዋል፤ በጣም ከጠነከረ ጎማው መሬት መርገጡን ትቶ ይዘላል።

ስለዚህ ቀዳዳ ያለውን ዘንግ ምረጡ ያልኩት ለሰዓቱ ብቻ አይደለም። ውድድሩ ሲያልቅ፣ ገና ግቢው ውስጥ ሳላችሁ፣ ሊንኩን ወደ ለስላሳው ቀዳዳ መልሱት። በግራና በቀኝ ተመሳሳይ ቀዳዳ ይሁን። ሁለት ቁልፍና ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው። አዲስ ያስገባችሁትን ዘንግ በሕዝብ መንገድ ላይ አትሞክሩ፤ ዓባይ በረሃ ላይማ በጭራሽ።

ለእናንተ ያለኝ ጥያቄ አጭር ነው። ወደፊት ተወዳዳሪ ስታነጋግሩ መኪናው ከፊት ይነዳ ከኋላ፣ ዘንጉ የት እንደገባ፣ ከስንት ወደ ስንት ሚሊ ሜትር እንደተቀየረ፣ ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ያለውን ሰዓት ጠይቃችሁ ጻፉልን። በክልል ከተሞች ያለን መካኒኮችም የምንለው አለን፤ ጠይቁን። ለዚህ ደብዳቤ ቦታ ካጠራችሁ ስሌቱን ቆርጣችሁ ስለ ዓባይ በረሃና ሊንኩን ስለ መመለስ የጻፍኩትን ብቻ አውጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ የጋራዥ ባለሙያ
ደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም